ለእንግዳ ክብር የተሠራው ናቾስ በበዓል ማዕድ

የበዓል ማዕድ ሲነሣ በአብዛኞቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ዶሮ ወጡ፣ ድፎ ዳቦውና ጠላው ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ከአባት ከእናት የወረስነው ነውና። ይሁን እንጂ የፋሲካ ሰሙን የአንድ ቀን ግብዣ ብቻ አይደለም። ከቅርጫው የተረፈው ሥጋ በየቤቱ ባለበት፣ ዘመድ ወዳጅም ከቅርብና ከሩቅ በሚመላለስበት በዚህ ሳምንት እናቶች «ዛሬስ ምን ላቅርብ?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ደግሞ ልጆች በባዕድ አገር ተወልደው ባደጉባቸው ቤተሰቦች ዘንድ ነው። በዳላስም ሆነ በዋሽንግተን ያደገ ልጅ ለበዓል አያቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ወጡን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ የሚተውበት ጊዜ አለ። አያትም ልጁ የሚሻውን ምግብ ስሙን እንኳ ለመጥራት ይቸገራሉ። እንዲህ ሲሆን በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ማዕድ ይዘረጋል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ክፍተት ለማጥበብ ይረዳል ያልነውን፣ በበሬ ሥጋና በቦሎቄ የሚሰናዳውን ባለ በርበሬ ናቾስ አመጣጡንና የቤት ውስጥ አሠራሩን እንመለከታለን።

አመጣጡ

ናቾስ የተገኘው በሜክሲኮ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ከአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ በምትለየው በፒየድራስ ኔግራስ ከተማ ነው። በአብዛኛው እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ከወንዙ ማዶ ከምትገኘው ከኢግል ፓስ ከተማ የተሻገሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሚስቶች ወደ አንድ ምግብ ቤት ይገባሉ። ምግብ አብሳዩ ግን በቦታው አልነበረም። የቤቱ አስተናጋጅ ኢግናሲዮ አናያ እንግዶቹን በባዶ አልመለሳቸውም። ራሱ ወደ ማድ ቤት ገብቶ ከተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ፣ ከፎርማጆና በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ሃላፔኞ ከተባለ ቃሪያ አንድ ሳሕን አሰናድቶ አቀረበላቸው። በስፓኝ ቋንቋ ኢግናሲዮ የተባለ ሰው ሲቆላመጥ «ናቾ» ይባላልና ምግቡም በአሰናጁ ስም ተጠራ። ሥጋውና ቦሎቄው ኋላ የተጨመሩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ፍራንክ ሊበርቶ የተባለ ነጋዴ፣ ከዳላስ አጠገብ በነበረው በአርሊንግተን ስታዲየም፣ እንደ መረቅ የሚፈስ የፎርማጆ ስልስ አዘጋጅቶ ናቾስን ለተመልካች መሸጥ ጀመረ። ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚያውቁት ናቾስ ይህን የስታዲየምና የሲኒማ ቤት ዓይነት ነው። ለፍጥነት የተሠራ እንደ መሆኑም ጨው ይበዛበታል፤ ቆሞ የሚበላም ነው። አናያ ያቀረበው ግን ለተቀመጠ እንግዳ የተሠራ ነበር። በቤት ውስጥ መሥራታችንም ወደዚያ ወደ መነሻው መመለስ ነው።

ባዕድ የመሰለው ዘመድ

ምግቡ ባዕድ ይምሰል እንጂ ግብዓቶቹ ከጓዳችን የጠፉ አይደሉም። በቆሎ ከ9,000 ዓመታት ገደማ በፊት በደቡባዊ ሜክሲኮ ከዱር ሣር እንዲለማ የተደረገ እህል ነው። ቲማቲሙም፣ ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰበው በርበሬያችንም፣ ቦሎቄውም ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጩትም ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ካደረገው ጉዞ በኋላ ነው። እንግዲህ በርበሬን ተቀብሎ የራሱ ያደረገ ማድ ቤት ለናቾስ እንግዳ ሊሆን አይችልም።

አሠራሩ

ለ6 ሰው ያህል የሚበቃ ናቾስ ለማሰናዳት ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ወይም እንደ ክትፎ የተከተፈ ቀይ ሥጋ፣ 2 ኩባያ ቦሎቄ፣ 2 ኩባያ የላመ የበቆሎ ዱቄት፣ 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 3 ቲማቲም፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሩብ ኪሎ ፎርማጆ፣ ጥቂት ቃሪያ፣ ዘይትና ጨው ያስፈልጋል።

ቦሎቄው ከዋዜማው ይዘፍዘፍ። በማግሥቱ የተዘፈዘፈበት ውኃ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ይቀቀል። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በሚገባ ካልበሰለ ሆድ የሚያውክ መርዛማ ነገር ስላለው፣ በመጀመሪያ ቢያንስ 30 ደቂቃ በኃይል ሊንተከተክ፣ ከዚያም እስኪለሰልስ ሊበስል ይገባዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ስለሆነ ቦሎቄ ጊዜ ይወስዳል፤ መታገሥ ያሻል። ሲበስል ግማሹን ደፍጥጦ ከቀረው ጋር ማደባለቅ ነው።

ለቂጣው ሁለቱን ዱቄት ከጥቂት ጨውና ከ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ቀላቅሎ፣ ሙቅ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማሸት ነው። ሜክሲኮዎች በቆሎውን አስቀድመው ለምግብ በተዘጋጀ ኖራ ይቀቅሉታል፤ ይህም ሊጡን ከማያያዙም በላይ በእህሉ ውስጥ የታሰረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታል። በእኛ ቤት የማያያዙን ሥራ የስንዴው ዱቄት ይሠራል። የሕንፃ ኖራ ግን ከቶ ለምግብ አይውልም። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ በስሱ ተዳምጦ በምጣድ ላይ ለብለብ ይደረግ፤ በሦስት ማዕዘን ተቆራርጦም በጋለ ዘይት እስኪንኮሻኮሽ ይጠበስ።

ሽንኩርቱ ከቁሌት በኋላ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ከሙኑ፣ ቀጥሎም ሁለቱ ቲማቲሞች ይገባሉ። ሥጋው ተጨምሮ ቅላቱ ፈጽሞ እስኪጠፋና መረቁ እስኪመጥ ይበስላል። ክትፎ ለብለብ የለመደ ቤት ይህን ልብ ይበል፤ በተፈጨ ሥጋ ውስጥ ከላዩ የነበረው ጀርም ወደ መካከሉ ስለሚገባ እስከ ውስጡ መብሰል አለበት። ሕፃናት ባሉበት በርበሬውን ቀነስ አድርጎ ሚጥሚጣውን ለብቻ በትንሽ ሳሕን ማቅረብ ይበጃል።

በመጨረሻም ቂጣው በሰፊ ትሪ ላይ ይደርደር፤ ቦሎቄው፣ ሥጋው፣ ከዚያም የተፈቀፈቀው ፎርማጆ ይነስነስበት። በጋለ ኦቨን ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ሲቆይ ፎርማጆው ይቀልጣል። ኦቨን የሌለው በብረት ምጣድ አድርጎ፣ ከድኖ በለስላሳ እሳት ማቅለጥ ይችላል። የቀረው ቲማቲምና ቃሪያ በጥሬው ተከትፎ ከላይ ይደረጋል።

የጾሙ ቀን ሲመጣ

ከ55 ቀናት ጾም የወጣ ሆድ በአንድ ጊዜ ሥጋና ፎርማጆ ሊጫንበት አይገባም። እናቶቻችን በፋሲካ ሌሊት ተልባውን ማስቀደማቸው ብልኅነት ነው። ስለዚህ ናቾሱን ለሰሙኑ አጋማሽ ማቆየት ይሻላል። እስከ በዓለ ኀምሳ ድረስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ለዚህ ማዕድ ቀን አይታጣም። ከዚያ በኋላ ጾም ሲገባ ግን ልጆቹን ከማዕዱ ማራቅ አያስፈልግም። ሥጋውና ፎርማጆው ቀርቶ ቦሎቄው፣ ቲማቲሙና በሎሚ የተለወሰ አቮካዶ ቢተካ ምግቡ ሙሉ የጾም ምግብ ይሆናል። ልጁም የሚወደውን ምግብ ሳያጣ ሥርዓቱን ይማራል። ከሱቅ በሚገዛው ዘንድ ይህ ሁልጊዜ አይቻልም፤ ምን እንደ ተቀላቀለበት የሚያውቀው የሠራው እጅ ነውና።

ናቾስ ሲቆይ ስለሚልፈሰፈስ ሰውን አይጠብቅም። ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ቀረበ ተሰብስቦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከአንድ ትሪ ሊቆርስ ይገባዋል። ይህ ደግሞ ለገበታችን አዲስ ልማድ አይደለም። አያት ማዕዱን ባርከው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለልጅ ልጃቸው ሲያጎርሱ፣ ልጁም በተራው ለአያቱ ሲያጎርስ፣ ሁለት የነበረው ማዕድ አንድ ይሆናል። በማግሥቱ ወጡ ሲቀርብ ልጁ እጁን ለመዘርጋት እንደ ትናንቱ አይቸገርም።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!