የጠፉ ሰነዶች ክርክር፦ ስለ ሞርሞኖች የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን፣ በተለምዶ «ሞርሞን» የምትባለው፣ በክርክር ተከባ ሁለት መቶ ዓመት ልትሞላ ነው። መሥራቿ ጆሴፍ ስሚዝ፣ መልአክ ካሳየው የወርቅ ሰሌዳዎች ተረጎምኩት ያለውን መጽሐፈ ሞርሞንን በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት ካሳተመ ጀምሮ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዐቃብያነ እምነት በአንድ ወገን፣ ተቺዎች በሌላው ወገን ቆመው ይሟገታሉ። ከሩቅ ለሚያየው ሙግቱ የእምነት ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለተከታተለው ግን አብዛኛው የሰነድ ሙግት ነው፦ ይህን ወረቀት ማን ጻፈው? መቼ? እስካሁን የት ነበር? ማንስ አየው? በዚህ ሙግት ውስጥ ሥር የሰደዱ የተሳሳቱ አባባሎች በሁለቱም ወገን አሉ። ብዙዎቹ የቆሙት ደግሞ በማንም እጅ በሌለ ሰነድ ላይ ነው።

ተረት፦ «አማኝም ተቺም ለወገኑ የሚመቸውን ሰነድ ይቀበላል፤ እውነቱን የሚለየው ገለልተኛ ባለሙያ ብቻ ነው»

ይህን አባባል ለመፈተን ከማርክ ሆፍማን ታሪክ የተሻለ አላውቅም። ሆፍማን በዩታ በሞርሞን ቤተሰብ ያደገ፣ በእንግሊዝ በሚስዮናዊነት ያገለገለ፣ በልቡ ግን እምነቱን ገና በልጅነቱ የተወ ሰው ነበር። በ1980 ከአንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መካከል አገኘሁት ያለውን ወረቀት ይዞ ቀረበ። ጆሴፍ ስሚዝ ከወርቅ ሰሌዳዎቹ ላይ በእጁ የገለበጣቸው ፊደላት ናቸው ተባለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ የታሪክ ባለሙያዎች የእጅ ጽሑፉን መረመሩና የስሚዝ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ የሆፍማን «ግኝቶች» ተከታተሉ፤ አንዳንዱ አማኙን የሚያስደስት፣ አንዳንዱ የሚያስደነግጥ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያነጋገረው በ1984 ወሬው የተሰማው ደብዳቤ ነው። ለመጽሐፈ ሞርሞን ኅትመት ገንዘቡን ያዋለው ማርቲን ሃሪስ በ1830 ጻፈው ተባለ። በደብዳቤው ውስጥ ስሚዝን ሰሌዳዎቹ ከተቀበሩበት ጉድጓድ የገጠመው መልአክ አይደለም፤ ከነጭ ሳላማንደር ወደ መንፈስ የተለወጠ ፍጡር ነው። ሳላማንደር እንሽላሊት የሚመስል እንስሳ ሲሆን በጥንቱ የአውሮፓ አስማት ከእሳት ጋር ይያያዛል። ደብዳቤው እውነተኛ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከራእይ ሳይሆን ከአስማት ተወለደች ለሚሉ ተቺዎች ትልቅ ድል ነበር።

አሁን ማን ምን እንዳደረገ እንመልከት። ስመ ጥር የሰነድ መርማሪ ደብዳቤውን አይቶ የፎርጅድ ምልክት አላገኘሁበትም አለ። በወቅቱ ከቤተ ክርስቲያኒቱ «ሐዋርያት» (ከፍተኛ መሪዎች) አንዱ የነበሩት ዳሊን ኦክስ በ1985 ለመምህራን ባደረጉት ንግግር፣ ሳላማንደር የሚለው ስም በእሳት ውስጥ ለሚኖር ምናባዊ ፍጡርም ይሰጥ እንደነበር አስታወሱ፤ ደብዳቤው እውነተኛ ቢሆንም ከመልአኩ ታሪክ ጋር ሊታረቅ ይችላል ለማለት ነበር። በአንጻሩ በሶልት ሌክ ሲቲ ይኖሩ የነበሩት ጄራልድና ሳንድራ ታነር፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ የወጡና ዕድሜያቸውን በትችት ያሳለፉ ባልና ሚስት፣ ደብዳቤውን ተጠራጠሩት። ጄራልድ በ1984 መጀመሪያ ላይ ያሳትሙት በነበረው ጋዜጣ ጥርጣሬውን ይፋ አደረገ። የጠቀሰው ምክንያት ቀላል ነው፦ የደብዳቤው አንዳንድ ክፍል ኢ. ዲ. ሃው በ1834 ካሳተመው ጸረ ሞርሞን መጽሐፍ የተወሰደ ይመስላል። በ1830 የተጻፈ ደብዳቤ በ1834 ከታተመ መጽሐፍ ሊቀዳ አይችልም።

ከወገናቸው የነበሩ ሰዎች ለጠላት አገዛችሁ ብለው ቢቆጡ የሚገርም አይሆንም። የታነሮች ጥርጣሬ ለእኔ የዚህ ሁሉ ክርክር ምርጡ ሥራ ነው። ለወገናቸው የሚጠቅመውን ወረቀት ለጠላት ወረቀት በሚሰጡት ጥንቃቄ መዘኑት።

መጨረሻው አሳዛኝ ነው። ሆፍማን የሌለውን ሰነድ ሸጦ ብድር ውስጥ ተዘፈቀ። ጥቅምት 1985 በሶልት ሌክ ሲቲ የሳላማንደሩን ደብዳቤ የገዛው ወጣት ነጋዴ በቦምብ ተገደለ፤ በዚያው ቀን አንዲት ሴት በሌላ ቦምብ ሞተች። በማግሥቱ ሦስተኛው ቦምብ ሆፍማንን ራሱን አቆሰለው። ጆርጅ ትሮክሞርተንና ዊልያም ፍሊን የተባሉ የፎረንሲክ ባለሙያዎች፣ አንዱ ሞርሞን አንዱ ሞርሞን ያልሆነ፣ ሰነዶቹን በማይክሮስኮፕ አዩ። በሆፍማን እጅ ባለፉት ላይ ብቻ ቀለሙ እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ሙጫ የተቀላቀለበት አዲስ ቀለም በኬሚካል በግድ ሲያረጅ የሚሆነው ነው። የሃሪስን የእጅ ጽሑፍ ለማነጻጸር ከዋሉት ናሙናዎች አንዱም የሆፍማን ሥራ እንደነበረ ታወቀ። ጥር 1987 በፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ።

እንግዲህ ገለልተኛው ባለሙያ ተሳስቷል፣ ባለ ወገኑ ተቺ ልክ ነበር፣ ነገሩን የቋጩት ደግሞ አማኝና አማኝ ያልሆነ አብረው ነው። ማን እንደሆኑ ብቻ አይቶ ማንን ማመን እንዳለበት መወሰን የሚፈልግ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሳሳታል።

ከዚሁ ታሪክ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ሆፍማን ሊሸጥ ቃል ከገባቸው ነገሮች ትልቁ ከቀደሙት የቤተ ክርስቲያኒቱ ሐዋርያት አንዱ የነበረውና በኋላ የተለየው የዊልያም መክሌሊን ስብስብ ነበር። በእጁ አልነበረም። እውነተኛዎቹ የመክሌሊን ማስታወሻ ደብተሮች ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1908 የገዛቻቸው ሆነው በራሷ ካዝና ተቀምጠው ነበር። አስታዋሽ አጥተው ቆይተው በ1986 ተገኙ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሁሉን አውቃ ትደብቃለች የሚለው ክስ የሚዘነጋው ይህን ነው፤ ተቋም ያለውንም ይረሳል። ክሱ ከምንም የተነሣ አይደለም፤ በ1993 ስድስት ምሁራንና ጸሐፍት በጻፉትና በተናገሩት ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ተቀጥተዋል፣ አብዛኞቹም ተወግዘዋል። ይሁን እንጂ ይህችው ቤተ ክርስቲያን ከ2008 እስከ 2023 የጆሴፍ ስሚዝን ሰነዶች በ27 ቅጽ አሳትማለች፤ ዛሬ ተቺዎቿ ራሳቸው ከዚያ ይጠቅሳሉ።

ተረት፦ «የመጽሐፈ አብርሃም ፓፒረስ በቺካጎ እሳት ስለወደመ ትርጉሙን ማንም ሊፈትን አይችልም»

ስሚዝ በ1835 በኦሃዮ ግዛት ከርትላንድ ከአንድ ተጓዥ ነጋዴ አራት የግብፅ ሙሚዎችንና ፓፒረሶችን በ2,400 ዶላር አስገዛ። ከመካከላቸው አንዱ የአብርሃም ጽሑፍ ነው አለ። «ትርጉሙ» በ1842 ከሥዕል ቅጂዎች ጋር ታተመ፤ በ1880 የቤተ ክርስቲያኒቱ ቅዱስ መጽሐፍ አካል ሆነ። ስሚዝ በ1844 ከተገደለ በኋላ ስብስቡ ተሸጠ፤ ከፊሉ ቺካጎ ሙዚየም ገብቶ በ1871ዱ ታላቅ እሳት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለዘጠና ዓመት ያህል ሁሉም ጠፍቷል ተብሎ ታመነ።

ሁሉም ግን አልጠፋም። ግብፃዊው የኮፕት ምሁር አዚዝ አቲያ፣ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ቁርጥራጮቹን አዩ። ከመካከላቸው በ1842 የታተመው የመጀመሪያው ሥዕል ዋና ቅጂ ነበር። ሙዚየሙ በኅዳር 1967 ለቤተ ክርስቲያኒቱ አስረከበ፤ እሷም ሳትውል ሳታድር ፎቶዎቹን አሳተመች። የግብፅ ጥናት ሊቃውንት አነበቧቸው። የመጀመሪያው ሥዕል ያለበት ጥቅል ሆር ለተባለ ካህን የተዘጋጀ የቀብር ጽሑፍ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተጻፈ፣ አብርሃም ኖረ ከሚባልበት ዘመን እጅግ የራቀ። በዚህ ንባብ የሞርሞን የግብፅ ሊቃውንትም አይከራከሩም። ቤተ ክርስቲያኒቱም በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ በቁርጥራጮቹ ላይ የአብርሃም ስምም ሆነ በመጽሐፉ የተመዘገበ ድርጊት እንደሌለ አምናለች።

ዛሬ ክርክሩ የቀረው በሌለው ክፍል ላይ ነው። አንዳንድ ዐቃብያነ እምነት የአብርሃም ጽሑፍ በጠፋው የጥቅሉ ክፍል ነበር ይላሉ። ሌሎች ፓፒረሱ ራእይ የቀሰቀሰ ምክንያት ብቻ ነበር ይላሉ። የመጀመሪያውን ቢያንስ በሜትር መለካት ይቻላል። የተጠቀለለ ነገር ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እያንዳንዱ ዙር ስለሚያጥር፣ በተረፈው ላይ የሚደጋገሙትን የጉዳት ምልክቶች ርቀት በመለካት የጠፋውን ርዝመት ማስላት ይቻላል። የሞርሞኑ የግብፅ ሊቅ ጆን ጊ በ2008 የጠፋው ከ12 ሜትር በላይ ነው አለ። አንድሩ ኩክና ክሪስቶፈር ስሚዝ በ2010 በዚያው ሒሳብ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው አሉ። ከሃያ እጥፍ በላይ ያለው ልዩነት የመጣው ከቀመሩ ሳይሆን ከልኬቱ ነው። ኩክና ስሚዝ እያንዳንዱን ልኬት ዘርዝረው ስላወጡ ሥራቸውን ማንም ደግሞ ሊያሰላው ይችላል፤ ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው። ከልኬት በኋላ የሚቀረው የራእዩ መልስ ነው፤ እሱን ማስመሪያ አይደርስበትም።

ተረት፦ «መጽሐፈ ሞርሞን ከሰለሞን ስፖልዲንግ ልብ ወለድ ተሰርቆ የተጻፈ ነው»

ይህ የተቺዎች ተረት ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ሃው በ1834ቱ መጽሐፉ ያሰራጨው ሲሆን፣ ለሃምሳ ዓመት በየጸረ ሞርሞን ጽሑፉ እንደ እውነት ተጠቅሷል። በ1816 የሞተው ስፖልዲንግ ያልታተመ ድርሰት እንደነበረው እርግጥ ነው። ድርሰቱ በ1884 በሃዋይ፣ ሆኖሉሉ፣ የሃውን ማተሚያ ቤት ከገዛ ሰው ዕቃ ውስጥ ተገኘ፤ ዛሬ በኦሃዮ ኦበርሊን ኮሌጅ ይገኛል። ማዕበል ወደ አሜሪካ የገፋቸው ሮማውያን ታሪክ ነው፤ ከመጽሐፈ ሞርሞን ጋር በቋንቋም በባለ ታሪኮቹም አይገናኝም። በ1945 የስሚዝን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውና በዚያው ምክንያት የተወገዘችው ፎን ብሮዲም ይህን መላ ምት ውድቅ አድርጋዋለች። አሁንም የሚሟገቱለት ሁለተኛ ድርሰት ነበር፣ እሱ ጠፋ ይላሉ። ከጠፋው ፓፒረስ ጋር ያለውን መመሳሰል አንባቢ ሳይነገረው ያየዋል።

በአጭሩ ሊታረሙ የሚገባቸው ሁለት አሉ። በአማኞች ዘንድ የስሚዝሶኒያን ተቋም መጽሐፈ ሞርሞንን እንደ ቁፋሮ መምሪያ ይጠቀማል ሲባል ኖሯል፤ ተቋሙ ተጠቅሜ አላውቅም ብሎ በጽሑፍ አስተባብሏል። በተቺዎች ዘንድ ደግሞ የወርቅ ሰሌዳዎቹን አየን ያሉት ሦስቱ ምስክሮች ቃላቸውን አጠፉ ይባላል። ሦስቱም ከስሚዝ ተጣልተዋል፤ ዴቪድ ዊትመርም በ1888 እስኪሞት ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ አልተመለሰም፤ ምስክርነታቸውን ግን አላጠፉም። ምስክር በቃሉ መጽናቱ ቅንነቱን እንጂ ሰሌዳ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ያላጠፉትን አጠፉ ማለት ሐሰት ነው።

ተረት፦ «ስሚዝ የሄኖክን ታሪክ ከእኛው መጽሐፈ ሄኖክ ቀዳው»

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ነው። ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ቅጂዎችን ይዞ በ1773 አውሮፓ ደረሰ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። ስሚዝ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1830 መጨረሻ፣ መጽሐፈ ሙሴ በሚባለው ጽሑፉ ስለ ሄኖክ ረጅም ራእይ ጻፈ። ሂዩ ኒብሊ የተባለው ዐቃቤ እምነት መመሳሰላቸውን ለጥንታዊነቱ ማስረጃ አደረገው፤ ተቺዎች የ1821ዱን እትም እያሳዩ የቀዳው ከዚያ ነው አሉ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ከሁለቱም አባባል ያነሰ ነው። የስሚዝ ሄኖክ የሚሰብክ፣ ከተማ የሚገነባ፣ ከነሕዝቡ ወደ ሰማይ የሚወሰድ ነቢይ ነው፤ በግእዙ ሕዝብና ከተማ ከእሱ ጋር አያርጉም። የግእዙ ሰፊ የከዋክብትና የዘመን አቆጣጠር ትምህርት፣ ከሰማይ የወረዱት ትጉሃንና ስሞቻቸው በስሚዝ ዘንድ የሉም። «የሰው ልጅ» የሚለው ማዕረግ በሁለቱም አለ፤ ግን በትንቢተ ዳንኤልና በወንጌልም ስላለ ስሚዝ ለማግኘት የሎረንስ እትም አያስፈልገውም ነበር። የሎረንስ መጽሐፍ በ1830 በስሚዝ እጅ እንደነበረ የሚያሳይ የዘመኑ ሰነድ አልቀረበም። ስለዚህ ተቺው ቀዳ ለማለት፣ ዐቃቤ እምነቱም ያለ ራእይ ሊያውቀው አይችልም ነበር ለማለት ማስረጃ የላቸውም።