ከሰማይ የወደቀ ብረት የማን ነው?

ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ከናይሮቢ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው የማኩዌኒ ካውንቲ፣ ሙኩኩ በተባለች መንደር አንድ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወረደ። ከዳር እስከ ዳር 2.5 ሜትር ይሰፋል፤ ወደ 500 ኪሎ ግራም፣ ማለትም አምስት ኩንታል ይመዝናል። ደግነቱ ማንንም አልጎዳም። ምንነቱን መርምሮ የመናገሩ ኃላፊነት ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ በሆነው በኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ ላይ ወደቀ።

ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2017 የተቋቋመ ሲሆን ተጠሪነቱ ለመከላከያ ሚኒስቴር ነው። ከኃላፊዎቹም መካከል የጦር መኮንኖች አሉ። የዕለት ተግባሩ ግን ከጦርነት ይልቅ ለእርሻ ይቀርባል፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የመጠቀችው ታይፋ 1 ሳተላይት የሰብልንና የአካባቢን ሁኔታ እንድትከታተል የተሠራች ናት። ኬንያ ከጠፈር ጋር የተዋወቀችውም ትናንት አይደለም። «ኡሁሩ» የተባለችው የኤክስሬይ ጨረር መመርመሪያ ሳተላይት የተወነጨፈችው በማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ካለው የጣሊያን ማስወንጨፊያ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት ነበር። ስሟም በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት ነው።

የኤጀንሲው ባለሙያዎች ሙኩኩ ሲደርሱ ከአካባቢው ባለሥልጣናት ጋር ሆነው ቦታውን አስጠበቁ፤ ብረቱንም አንሥተው ለምርመራ ወሰዱት። ጥበቃው ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም። ከሮኬት የሚወድቅ ቁራጭ መርዛማ የነዳጅ ቅሪት ሊኖርበት ይችላል፤ ብዙ እጅ የነካካው ብረት ደግሞ ለመርማሪ የሚናገረው ያንሳል። የመጀመሪያው ግምገማ ቀለበቱ የሮኬት መለያያ ቀለበት መሆኑን አመለከተ። እንዲህ ያለው ቀለበት የሮኬቱን ክፍሎች አያይዞ ይቆይና ሲለያዩ ይጣላል። ብዙውን ጊዜ ወደ ከባቢ አየር ሲመለስ ይቃጠላል፤ ካልሆነም ሰው በሌለበት፣ ለምሳሌ በውቅያኖስ ላይ፣ እንዲወድቅ ይታሰባል።

ከባዱ ጥያቄ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሕግ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የተጠያቂነት ስምምነት፣ ከጠፈር የወደቀ ነገር በምድር ላይ ጉዳት ካደረሰ ያስወነጨፈው አገር ጥፋት ባይገኝበትም ካሣ እንዲከፍል ያስገድዳል። ኮስሞስ 954 የተባለችው የኑክሌር ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ ላይ በወደቀች ጊዜ ሶቪየት ኅብረት በኋላ 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፍላለች። ያስወነጨፈው አገር ካልታወቀ ግን የሚጠየቅ የለም።

ስለዚህም መርማሪው መቸኮል የለበትም። ኬንያ ከህንድ ካሣ ጠየቀች የሚል ወሬ ሲናፈስ ኤጀንሲው አስተባበለ፤ ምርመራው ገና አላለቀም ነበርና። ከውጭ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ቀለበቱን እ.ኤ.አ. በ2008 ከተወነጨፈ የአውሮፓ ሮኬት ጋር ሲያያይዙት፣ ሌሎች ከነጭራሹ ከጠፈር መምጣቱን ተጠራጥረዋል።

ይህ ክርክር ራሱ ሊካሄድ የቻለው በእጅ የሚዳሰስ ብረት ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1951 ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ይበር የነበረ የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን ሠራተኞችና ተሳፋሪዎች ከኪሊማንጃሮ በላይ የሚያብረቀርቅ እንግዳ ነገር ማየታቸውን ተናግረው ነበር። ከዚያ የተረፈው በዋናነት ምስክርነታቸው ነው። የዓይን ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ አይመዘንም፤ የሙኩኩው ቀለበት ግን ተመዝኗል፣ ተለክቷል።

እናም አንባቢ ሆይ፣ በእርሻህ ወይም በደጅህ ከሰማይ የወረደ እንግዳ ብረት ብታገኝ አትንካው፣ ለማስታወሻም ቆርሰህ አትውሰድ፤ ልጆችን አርቅና ለፖሊስ ተናገር።