ፒስተን ከማዘዝ በፊት ሲሊንደሩን ስለ መለካት

በመኪና መለዋወጫ ንግድ የተሰማራ ሰው ሁሉ፣ በመደርደሪያው ላይ ለዓመታት ሳይሸጥ የቆየ ፒስተን ሳይኖረው አይቀርም። ይህም የሚሆነው ዕቃው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ ሲታዘዝ የመኪናው ስም ብቻ እንጂ የሞተሩ ልክ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ነው።

በሚኒባስ ታክሲነቱ የታወቀውን የቶዮታ ሃይስ የናፍጣ ሞተር ለምሳሌ እንውሰድ። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የተባሉት ሞተሮች የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ስለ ሆኑ መልካቸው እጅግ ይቀራረባል። ይሁን እንጂ የሲሊንደራቸው ስፋት የመጀመሪያው 92፣ የሁለተኛው 96፣ የሦስተኛው 99.5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ደንበኛው «የሃይስ ፒስተን» ብቻ ብሎ ቢጠይቅ፣ ምንም እንዳልጠየቀ ይቆጠራል።

የሞተሩ ዓይነት ከታወቀም በኋላ ነገሩ አላለቀም። ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም፤ ይበልጥ የሚጎዳው የላይኛው የፒስተን ቀለበት ደርሶ በሚመለስበት ቦታ ሲሆን፣ ክብነቱንም እያጣ ወደ ጎን ይሰፋል። ስለሆነም ጠንቃቃ መካኒክ እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየቦታውም በመስቀል አምሳል ሁለት ጊዜ ይለካል። ከስድስቱ ልኮች የሚፈርደው ትልቁ ነው። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ቢጎዳ እንኳ፣ አራቱም ወደ አንድ ልክ እንዲሰፉ ማድረግ የተለመደ ነው። ለዚሁ የሚሆኑት ፒስተኖች በአብዛኛው የ0.25፣ የ0.50፣ የ0.75 ወይም የ1.00 ሚሊሜትር ጭማሪ ኖሯቸው ይሠራሉ፤ ነገር ግን ለሁሉም ሞተር ሁሉም ልክ አይገኝም።

የክራንክሻፍት ብሮንዝ የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩን በተገላቢጦሽ ማንበብ አለባቸው። 0.25 ሲባል ክራንክሻፍቱ በዚያው መጠን ተሞርዶ ቀጥኗል ማለት ነው፤ ብሮንዙ ግን ክፍተቱን ለመሙላት ወፍሯል።

ሌላው ብዙ ገንዘብ የሚያጠፋው ስሕተት፣ ፒስተኑ በእጅ ሳይገባ ሲሊንደሩን ማስፋት ነው። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚተወው ክፍተት ከጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ስለማይበልጥ፣ ባለሙያው የመጨረሻውን ልክ የሚወስነው ፒስተኑን ራሱን ለክቶ ነው። ሲሊንደሩ ለ0.50 ተዘጋጅቶ ገበያ ላይ የ0.75 ብቻ ቢገኝ፣ ብረቱ እንደገና መነሣት ይኖርበታል፤ ግድግዳው ደግሞ ይህን ብዙ ጊዜ አይችልም። መኪናው እስኪጠገን ድረስ የባለ ታክሲው ገቢ መቋረጡንም መዘንጋት አይገባም።

ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ብሎኩ በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ መታጠብ ይገባዋል። ብዙዎች በናፍጣ ብቻ ማጠቡ ይበቃል ይላሉ፤ አይበቃም። በሲሊንደሩ ጭረት ውስጥ የተደበቀው የማለስለሻ ድንጋይ ብናኝ አዲሶቹን ቀለበቶች በአጭር ጊዜ ይበላቸዋል፤ ደንበኛውም ተመልሶ የሚወቅሰው ዕቃውን የሸጠለትን ነጋዴ ነው። ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲታሽ ጥቁረት ይዞ ከወጣ፣ እጥበቱ እንደገና ይደገማል።