ክኒኑ ነው ወይስ እርጅናው?

በብዙ ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው። ስትሮክ ያገኛቸው አንድ አባት ከወራት በኋላ ድንገት ወድቀው ይንቀጠቀጣሉ። ሆስፒታል ይወሰዱና ለሚጥል በሽታ አዲስ ክኒን ይታዘዝላቸዋል። መንቀጥቀጡ ይቆማል። ነገር ግን ታጋሽ የነበሩት ሰው በትንሽ በትልቁ መቆጣት፣ ቀኑን ሲያንቀላፉ መዋል ይጀምራሉ። ልጆቹ «እርጅና ነው» ይላሉ። እሳቸው ግን ክኒኑን ጠርጥረው፣ ለማንም ሳይናገሩ መዋጡን ይተዉታል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። አልቆም ካለም ሕይወት ያጠፋል።

የአባታችን ጥርጣሬ ግን ትክክል ሊሆን ይችላል። በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ሌቬቲራሴታም ነው፤ ኬፕራ በሚለው ስምም ይታወቃል። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ብዙም ስለማይጋጭ ብዙ ክኒን ለሚወስዱ አዛውንቶች ይስማማል። ሆኖም አንዳንዱን ሰው ያስተኛል፣ ያዞረዋል፣ ያናድደዋል ወይም ያስተክዘዋል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል። ላሞትሪጂን የሚባለው ጠባይን ብዙም አይነካም፤ ግን ቆዳ ላይ ሽፍታ ሊያወጣ ስለሚችል በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። ቴግሬቶል ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ሊቀንስ፣ ደም የሚያቀጥነውን የኩማዲንን ኃይል ሊያዳክም ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይመዘናል? በአንድ በኩል በሽታው አለ፤ አገር ቤት ሳለን ሰው ጥሎት እሳት ላይ ሲወድቅ ያየን አለን። በሌላ በኩል ክኒኑ አለ፤ የሚያዞር ክኒን ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሊጥል ይችላል። እንቅልፉና ማዞሩ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ይቀላል። ካልቀለለ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም በሌላ መድኃኒት ቀስ በቀስ ይተካዋል። ይህን የሚያደርገው ግን ከተነገረው ነው።

ስለዚህ ክኒኑ የተጀመረበትን ቀን፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ነገርና በሽታው ስንት ጊዜ እንደጣለዎት አስጽፈው ወደ ቁፓት ሆሊም ይሂዱ። የጠባይን ለውጥ ቀድሞ የሚያየው የቤት ሰው ነውና አንድ ሰው አብሮዎት ይግባ። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ስለ ሕክምናችን በሚገባን መንገድ እንዲነገረን ያዛል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ አያሳፍርም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውም አሉ። ሽፍታ፣ በተለይ ከትኩሳት ወይም ከአፍ ቁስል ጋር፣ የፊት ማበጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆንና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ ወዲያው ሐኪም ይፈለጋል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ 101 ይደወል። ታማሚውን በጎኑ ማስተኛት ነው፤ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር፣ ክብሪትም አይሽተት።

ለኪፑርም ሆነ ለሲግድ ጾም ክኒኑን በራስዎ አይዝለሉ፤ በዓሉ ሳይደርስ ሐኪሙንም ቄሱንም ያማክሩ።

ልጆችም «እርጅና ነው» ከማለታችሁ በፊት «አባባ፣ ይህ ክኒን የተጀመረው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።