ልጁን ከቴኒሱ ጠረጴዛ አትጎትቱት!

አዘዞ ነው። አንዲት እናት የ11 ዓመት ልጃቸውን ጆሮውን ይዘው ከመንገድ ዳር የጠረጴዛ ቴኒስ ሲጎትቱት ደረስኩ።

«እታለም፣ ምን አጥፍቶ ነው?» አልኳቸው ጠጋ ብዬ።

«የዘይት መግዣዬን በልቶ ነዋ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተሸነፈ ይከፍላል። ልጁ ተሸነፈ፤ ከፈለ። ላስመልስ ብሎ ደገመ፤ አሁንም ተሸነፈ። ዘይቱ እዚያው ቀለጠ!

እናትየው ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። ግን ጥፋቱ የቴኒሱ ነው ወይስ የሒሳቡ? እኔ የሒሳቡ ነው ባይ ነኝ። ከቴኒሱ ብናባርረው የሚሄደው ፑል ቤት ነው፤ እዚያም ያው የተሸነፈ ይከፍላል።

ታናናሽ ወንድምና እኅት ያላችሁ ወጣቶች፣ እንግዲህ ሥራው የናንተ ነው። ደንበኛው ጠረጴዛ ርዝመቱ 2.74 ሜትር፣ ወርዱ 1.525 ሜትር፣ ከፍታው 76 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ ስንቱ ነው? ግዴለም! አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድሙና መሐሉን ጡብ ደርድሩበት። የመረቡ ቁመት 15.25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለጀማሪ ትንሽ ዝቅ ቢል ማንም አይከሳችሁም። ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ስለሆነች ነፋስ ይጫወትባታል። ስለዚህ በተለይ ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ጣራ ሥር አድርጉት። ክረምት ሜዳው ሲጨቀይ ልጆቹ የት ይግቡ ብሎ መጨነቅም ቀረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግጥሚያ የለም። ራኬቱን እጅ እንደሚጨብጥ ይዞ ኳሷን እያነጠረ ይቁጠር። ዛሬ 7 ከደረሰ ነገ 20 ይላል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አቀብሉት። በኃይል እየመታችሁ ጉብዝናችሁን አታሳዩት፣ እባካችሁ! ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ እስከ 11 ነጥብ ነው፤ ለትንሹ 5 ነጥብ አስቀድማችሁ ስጡት። ገንዘብ ግን በፍጹም!

እኅቱስ? እሷ ሽንኩርት ስትልጥ እሱ ብቻ ይጫወት? ሶርያዊቷ ሄንድ ዛዛ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በጠረጴዛ ቴኒስ ስትወዳደር ገና 12 ዓመቷ ነበር፤ ያውም ከጦርነት አገር መጥታ። ሽንኩርቱን ተራ በተራ መላጥ ነው።

ለአዘዞዋ እናት የበሩን ዘዴ ስነግራቸው ሳቁ። «ያለኝ በር አንድ ነው፤ ሌሊት ምን ልዘጋ?» አሉኝ።

ከጎረቤት ጣውላ ተገኘ። ራኬቱ ግን ገና አንድ ብቻ ነው።