ወጀብ ሲመጣ ገበሬው ምን ይመዝግብ?

ዝናብ ለገበሬ የምርት መሠረት ነው፡፡ ሆኖም ከልኩ አልፎ በወጀብና በበረዶ ሲወርድ የአንድ ዓመት ድካም በግማሽ ሰዓት ያጠፋል፡፡ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ ወረዳ፣ በአሪቻና በአካባቢዋ ለሚኖር የቡናና የእንሰት አምራች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ በረዶ የቡናን አበባና ለጋ ፍሬ ያረግፋል፤ የእንሰትን ቅጠል ይተለትላል፤ በቅርንጫፍ ላይ የሚተወው ቁስልም ለበሽታ በር ይከፍታል፡፡

እንዲህ ያለው ወጀብ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው ቦታ ጠባብ ነው፡፡ አንዱን ሸንተረር መትቶ ማዶ ያለውን ሳይነካ ያልፋል፡፡ በዚያው ቀን ራቅ ብሎ ያለ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ካፊያ ብቻ ሊመዘግብ ይችላል፡፡ ሳተላይትም ከላይ የሚያየው የደመናውን አናት እንጂ መሬት ላይ የወደቀውን በረዶ አይደለም፡፡ ስለሆነም በቦታው የነበረው ሰው ካልመዘገበው ለምርምር እንዳልደረሰ ያህል ይቆጠራል፡፡

በዚህ ረገድ የሌላው ዓለም ልምድ ያስተምራል፡፡ በአሜሪካ ዴቪድ ሆድሊ የተባለ ሰው ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የሙያው ሰው ሳይሆን በፍላጎቱ ብቻ ተነሣሥቶ፣ ወጀብን በመኪና እየተከተለ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፡፡ በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኦክላሆማ ተመራማሪዎች አውሎ ነፋስን በቅርብ የሚያጠና ቡድን አሰማሩ፡፡ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የኮሎራዶው ምሳሌ ነው፡፡ በ1997 እ.ኤ.አ. በፎርት ኮሊንስ ከተማ በአንድ ወገን ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላው ወገን የዘነበው ከ50 ያነሰ ነበር፤ በጎርፉም 5 ሰዎች ሞቱ፡፡ በሚቀጥለው ዓመት የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ነዋሪዎች በየግቢያቸው ዝናብና በረዶ እየለኩ የሚያስታውቁበትን ሥራ ጀመሩ፡፡

የእኛ ገበሬ ወጀብን ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም፤ ወጀቡ ራሱ ማሳው ድረስ ይመጣል፡፡ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስ፣ መስመሪያና አንድ ጣሳ ብቻ ነው፡፡ አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፡፡

ሀ. አፉና ታቹ እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ይመረጥ፡፡ አፈ ጠባብ ጠርሙስ አይሆንም፡፡ ጣሳው ከእንጨት ጋር ታስሮ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ከዛፍና ከቤት ክዳን የሚንጠባጠብ ውሃም እንዳይገባበት ገላጣ ቦታ ይፈለግለት፡፡

ለ. በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት የውሃው ከፍታ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይጻፍ፤ ከዚያም ውሃው ይደፋ፡፡ አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው፡፡ በዚህ ስሌት 25 ሚሊ ሜትር በአንድ ሔክታር ላይ 250,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፡፡

ሐ. ያልዘነበበት ቀን «0» ተብሎ ይጻፍ፡፡ ባዶ ከተተወ አለመዝነቡን ከአለመለካቱ መለየት አይቻልም፡፡

መ. በረዶ ሲወርድ ቀኑ፣ የጀመረበትና ያቆመበት ሰዓት፣ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ይመዝገብ፡፡ መጠኑም በሚታወቅ ነገር ይገለጽ፦ ሽንብራ፣ የቡና እሸት፣ ሎሚ ወይም የዶሮ እንቁላል ያህል ተብሎ፡፡ ቡናው አበባ ላይ ወይስ ፍሬ ላይ እንደ ነበረና ምን ያህል እንደ ረገፈም አብሮ ይጻፍ፡፡ ይህ ሁሉ በዕለቱ ይደረግ፤ ከሳምንት በኋላ በትዝታ የተጻፈ ብዙ አያስተማምንም፡፡

ማንም ሰው ለመለካት ብሎ ሕይወቱን ለአደጋ ማጋለጥ የለበትም፡፡ መብረቅ ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ያለው ጊዜ ይቆጠር፤ እያንዳንዱ 3 ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው፡፡ ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ወደ ቤት መግባት ይገባል፡፡ ከረጅም ዛፍ ሥር መጠለል ከሁሉ የከፋ ነው፡፡

ለገደላማ አካባቢ ተከታታይ ዝናብን መመዝገብ ሌላም ጥቅም አለው፡፡ በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፡፡ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ለማዳን የሮጡ ጎረቤቶች ሲሆኑ፣ እነርሱን የቀበራቸው ሁለተኛው ናዳ ነበር፡፡ ስለዚህ ለቀናት ከባድ ዝናብ ከተመዘገበና በተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ከታየ፣ ቤተሰብን ይዞ ከሥሩ መራቅና ለቀበሌው ወዲያው ማስታወቅ ያስፈልጋል፡፡ ናዳ ከወረደም በኋላ ሁለተኛ ሊከተል እንደሚችል መርሳት አይገባም፡፡

ደብተሩ በረዶን አያስቆምም፡፡ በአንድ ዓመትም ትልቅ ነገር አይገኝበትም፡፡ ነገር ግን ብዙ ገበሬዎች ለዓመታት ቢመዘግቡ በረዶ በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ ከአበባው ጊዜ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም፣ የትኛው ሸንተረር ቶሎ እንደሚጠቃ ለመለየት ይረዳል፤ የሳተላይትን ግምት ከመሬት ልኬት ጋር ለማስተያየትም ያገለግላል፡፡ በየወሩ መጨረሻ የደብተሩን ግልባጭ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ መስጠት፣ ዋናውን ግን ቤት ማስቀመጥ ይገባል፡፡ አባቶቻችን የክፉውን ዓመት ዝናብ በቃል አውርሰውናል፤ እኛ ደግሞ ለልጆቻችን በቁጥር ጽፈን እናቆይላቸው፡፡