የተጠባባቂው ወታደር ቤተሰብና የመዝገብ ስሕተት

አንድ ሰው ለውትድርና ሲጠራ ስሙ ከቀበሌው መዝገብ ወደ ጦሩ መዝገብ ይተላለፋል። ሰውዬው ቢመለስም ባይመለስም ቤተሰቡ ደመወዙንም ሆነ አበሉን የሚጠይቀው በዚያ በተጻፈው ስም ነው። ጸሐፊው በዚያች ቀን አንዲት ፊደል ቢስት ወይም አንድ ቍጥር ቢያዛውር፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፤ አንዲት መበለት በመስኮት ፊት ቆማ «እናቴ፤ በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» ስትባል ነው።

ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች አንዱ የሆነውን ቢዮ አዋሌን ለምሳሌ እንውሰድ። ቢዮ በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው፤ አገሩ ግን ዝናብ የሚናፍቅ ነው። ሕዝቡ ማሽላ ይዘራል፤ ፍየልና በግ ያረባል፤ የሚናገረውም ኦሮምኛና ሶማልኛ ነው። በዚህ በሐረርጌ በኩል መሐመድ የተባለውን ሙሜ፤ አሕመድ የተባለውንም አሜ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ከሸዋ ወይም ከጎጃም የመጣው የጦር ጸሐፊ የሰማውን ይጽፋል። አንዱ ሙሜ ብሎ መዘገበው፤ ሌላው በደመወዝ መክፈያው ላይ መሐመድ አለው፤ ሦስተኛው ሙሐመድ አደረገው። የቤተሰብ መጠሪያ ስም በአገራችን ስለሌለ የአባትም ስም እንዲሁ ከተዛባ ሰውዬው በወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው። የፊደላችንም ነገር አለ። ሐመሩ ሐ፤ ሀሌታው ሀ፤ ብዙኀኑ ኀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ለሰው ዓይን ችግር የለም። በዛሬው ጊዜ ስም የሚፈልገው ኮምፒውተር ግን እንዲያመሳስላቸው ካልታዘዘ በቀር ለየብቻ የሚቈጥራቸው ፊደላት ናቸው።

ይህ ጉዳይ በድሬዳዋ አካባቢ ታሪክ አለው። የሶማሊያ ጦር ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ከተማዋን ባጠቃ ጊዜና ከዚያም ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. እስክትመለስ ድረስ በምሥራቅ ግንባር ከመደበኛው ጦር ጋር የተሰለፈው በታጠቅ ጦር ሰፈር በጥድፊያ የሠለጠነው ሚሊሺያ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 236 ወጣ። አዋጁ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነው ሰው ስድስት ወር እንዲሠለጥን፤ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፤ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ሆኖ እንዲቈይ የሚያዝ ነበር። የመጀመሪያው ጥሪ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ተጠባባቂ ወታደር ማለት ከመዝገብ ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ ሰው ነው፤ ስሕተትም የሚፈጠረው ከሁሉ ይልቅ በዚህ መውጣትና መግባት ላይ ነው። በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲፈርስ የየክፍሉ ጸሐፊዎችም አብረው ተበተኑ። ለቀድሞ ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ቢቋቋምም፤ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ሰው ማግኘት ግን ከዚያ ወዲያ አስቸጋሪ ሆነ።

የዘመን አቈጣጠርም የራሱን ጣጣ ያመጣል። 1976 ተብሎ የተጻፈን የቅጥር ዘመን አንድ ሰው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው ብሎ ቢያነበው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለሆነ፤ ከዚያ በፊት የገጠር ሰው ዕድሜ በአብዛኛው በግምት ይጻፍ ነበር።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል ይሆናል? የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቍጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ከተደነገገ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 714 መሠረት የሟች ሚስት የአበሉን ግማሽ፤ እያንዳንዱም ልጅ ከመቶ 20 ያገኝ ነበር። በዚያ አዋጅ አበሉ ይሰላ የነበረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝና በአገልግሎቱ ርዝመት ነው። አሁን አንድ ወታደር 1,200 ብር ሲገባው በማዕረግ ስሕተት 900 ብር ታሰበለት እንበል። ሚስቱ በወር 600 ሳይሆን 450 ትቀበላለች። የጐደለው 150 ብር በአሥር ዓመት 18,000 ብር ይሆናል፤ የልጆቹን ድርሻ ሳንቈጥር ነው። በቢዮ አዋሌ ላለች እናት ይህ የልጅ ትምህርት ነው፤ የፍየል ዋጋ ነው። ጉዳዩን ለመከታተል ወደ ከተማ ስትመላለስ ለመኪና የምትከፍለውንም ከዚያው ከጐደለው ላይ ታወጣለች።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ብሔራዊ ዘብ፤ ማለት ተጠባባቂ ጦር፤ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ ለሚቀጥሉ ወታደሮች 15,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ጉርሻ ሰጥቶ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አላግባብ ተከፍሏል ተባለና ወደ 10,000 የሚጠጉ ወታደሮች እንዲመልሱ ተጠየቁ። ወሬው በጋዜጣ ከወጣ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትሩ አሽተን ካርተር በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ማስከፈሉ እንዲቆም አዘዙ። በሀብታም አገርም ቢሆን የመዝገብ ስሕተት ዕዳ በመጀመሪያ የሚጫነው በወታደሩ ቤት ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። የወታደርን ጥቃቅን አቤቱታ መናቅ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ እኛ ከማንም ይልቅ እናውቃለን፤ በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ጦር ያመፀው በውሃና በምግብ ጉዳይ ነበርና።

መፍትሔውን በተመለከተ የጸሐፊው አስተያየት ይህ ነው። ስሕተቱን የሠራው መሥሪያ ቤት ከሆነ አስረጂውን መፈለግ ያለበት መሥሪያ ቤቱ እንጂ መበለቲቱ አይደለችም። ከሁሉ በፊት የመጀመሪያው የቅጥር ቅጽ ይውጣ፤ የወታደሩ መለያ ቍጥር ከስሙ ይልቅ የሚታመን ስለሆነ በእርሱ ይመሳከር። ስሙ ሁለት ሆኖ ከተገኘና መዝገቡ ካልፈታው የሁለቱ ስሞች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። በጡረታው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ደግሞ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያመለክታል፤ የሕግ ስሕተት አለ የሚልም ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት መሄድ ይችላል።

ለበዓል ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ለዘመዶቹ ማመልከቻ ጻፍ መባሉ አይቀርም። ማመልከቻው ረጅም ልቅሶ አያስፈልገውም። የወታደሩን ሙሉ ስም በየወረቀቱ እንደተጻፈው በሁሉም ዓይነት፤ መለያ ቍጥሩን፤ የክፍሉን ስም፤ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ከነአቈጣጠሩ ይጻፍ። ቅጂው በቤት ይቀመጥ፤ የተቀበለውም ጸሐፊ የገቢ ቍጥር እንዲሰጥበት ይጠየቅ።